ጭንቅላት የለውም ያላችሁት ልጅ

በዚህ ከተማ በነፃ የሚሰጥ አንድ ምርመራ አለ። ካርድ አያስወጣም፣ ወረፋ የለውም፣ ራጅ ተነሱ አይባልም። ልጁ ሦስተኛ ክፍል ይደርሳል፤ መጽሐፍ ይገለጥለታል፤ ልጁ ዝም ይላል። እናት ታቀረቅራለች፣ አባት ወደ ቀበቶው ያያል፣ አስተማሪው ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ ውጤቱን ይናገራል፦ «ምን ላድርገው? ጭንቅላት የለውም።» አለቀ። ከዚያ በኋላ ልጁ ወይ ኳስ ይመከራል፣ ወይ «እጁ ለሥራ ይፈጥናል» ተብሎ ጋራዥ ይገባል፣ ወይ ደግሞ ማንም ሳይነካው ከክፍል ወደ ክፍል እየተገፋ ይሄዳል።

እኛ በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ ብለናል። ምስክር አድርገን የምንጠራው ደግሞ ሥራዬ ብሎ የሰው ጭንቅላት ውስጥ ሲመለከት የኖረ ሰው ነው።

ስታኒስላስ ዴሀን ይባላል፤ ፈረንሳዊ ነው። በ1965 ተወለደ፣ በሒሳብ ጀመረ፣ ወደ አእምሮ ጥናት ተሻገረ፣ በ2005 ኮሌዥ ደ ፍራንስ በተባለው የፓሪስ አንጋፋ ተቋም ፕሮፌሰር ሆነ። (ዓ.ም. ካላልን ዓመቱ የፈረንጅ ነው፤ ጣት እየቆጠራችሁ አትድከሙ።) በ2007 ጭንቅላት እንዴት እንደሚያነብ የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ2014 የአእምሮ ተመራማሪዎች የሚመኙትን «ብሬይን ፕራይዝ» ከሁለት ሌሎች ሳይንቲስቶች ጋር ተካፈለ። ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው በማዕረጉ ልናስፈራራችሁ አይደለም። ሰውየው ከሚያነሳቸው ጥያቄዎች አንዷን ስለምንፈልጋት ነው፦ ልጅ ማንበብ ሲማር ጭንቅላቱ ውስጥ ምን ይሆናል?

የዴሀን መነሻ ሲሰሙት «ይህማ ይታወቃል» የሚያሰኝ ዓይነት ነው። ጽሕፈት ለሰው ልጅ አዲስ ነገር ነው፤ አምስት ሺህ ዓመት ትንሽ ቢያልፈው ነው። አምስት ሺህ ዓመት ለእኛ ትልቅ ታሪክ ነው (በሦስት ሺሁም ስንት ፎክረናል)፤ ለተፈጥሮ ግን የአንድ ከሰዓት በኋላ ያህል ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ተፈጥሮ ለሰው ልጅ የማንበቢያ አካል አልሠራችለትም። ልጅ መናገርን ማንም ሰሌዳ ሳይሰቅልለት ይለምዳል፤ ማንበብን ግን ዝም ብሎ አይለምድም። እና ጭንቅላት ምን ያደርጋል? ያለውን ይጠቀማል። በግራ በኩል፣ ከጆሮ ኋላ ገባ ብሎ፣ ከሥር፣ ፊትን፣ ዕቃንና ቅርጽን ለመለየት የሚሠራ ሠፈር አለ። ማንበብ ስንማር ከዚያ ሠፈር አንድ ቁራሽ ለፊደል ይመራል። ዴሀን «የፖስታ ሳጥን» እያለ ይጠራዋል፤ በእነሱ ቋንቋ ፊደልና ደብዳቤ አንድ ቃል ነው። ቻይንኛም አንብቡ፣ ዕብራይስጥም አንብቡ፣ እንግሊዝኛም አንብቡ፣ ሳጥኑ የሚገኘው እዚያው አካባቢ ነው። ዴሀንና ባልደረባው ሐኪሙ ሎራን ኮኸን ይህን ሐሳብ «ኒውሮናል ሪሳይክሊንግ» ብለውታል። እኛ ለትርጉም ሩቅ መሄድ የለብንም፤ የመኪና ጎማ ቆርጠን በረባሶ የሠራን ሕዝብ ነን። ጎማው ለእግር አልተፈጠረም። የሚቆርጠው ካገኘ ግን ያደርሳል።

«የሚቆርጠው ካገኘ» የምትለዋን ያዙልን።

በ2018 የታተመ አንድ ጥናት አለ። የሠሩት ዴሀንና ባለቤቱ፣ የሕፃናት ሐኪምና ተመራማሪዋ ጊስሌን ዴሀን-ላምበርትዝ፣ ከአንድ ሌላ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ነው። አሥር የስድስት ዓመት ልጆችን አንደኛ ክፍል ሊገቡ ሲሉ ጀምረው በትምህርት ዓመቱ ውስጥ እየደጋገሙ፣ በጠቅላላው ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ፣ ኤም.አር.አይ ውስጥ አስገብተው አዩአቸው። ፊት፣ ዕቃ፣ ቤት፣ ቃል እያሳዩ። ትምህርት ሳይጀመር ለቃል የሚነቃ ቦታ አልነበረም። ትምህርት ተጀምሮ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ቦታው ብቅ አለ። አሥሩም ልጆች የተመረጡት «ጭንቅላት ስላላቸው» አይደለም። ተራ ልጆች ናቸው፤ ፊደሉን ከድምፁ እያገናኘ ያሳያቸው ሰው ስላገኙ ጭንቅላታቸው ተቆረሰ።

«እሱ ለልጅ ነው፤ ካለፈ አለፈ» የሚል አይጠፋም። በ2010 የታተመውን ሌላውን እንካችሁ። በብራዚልና በፖርቱጋል 63 አዋቂዎች ተመረመሩ። አሥሩ ፊደል ያልቆጠሩ፣ 22ቱ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ሳይገቡ አዋቂ ከሆኑ በኋላ የተማሩ፣ የቀሩት በልጅነታቸው የተማሩ ነበሩ። ያ የፖስታ ሳጥን በ22ቱም ላይ ተከፍቶ ተገኘ። ሰው የማንበብ አቅሙ በጨመረ ቁጥር ሳጥኑ ለፊደል የሚሰጠው መልስ ይጨምራል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ጋቢያቸውን ለብሰው ፋኖስ ሥር ፊደል የቆጠሩ አያቶች ያሏችሁ ልጆች ይህ ሊደንቃችሁ አይገባም። ደርግን ለማመስገን ምክንያት ስንፈልግ ብዙም አይቀናንም፤ ለዚህኛው ግን በ15 ቋንቋ ያስነበበ ዘመቻ ነበርና ድርሻውን እንስጠው። አርባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬዎች ጭንቅላት ከነበራቸው የስምንት ዓመት ልጅ ከየት አጣው?

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። በ2010፣ ማለትም በ2002 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት ገንዘብ በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች አንድ የንባብ ምዘና ተደረገ። ልጁ ብቻውን ይቀመጣል፣ ለክፍሉ የሚመጥን አጭር ታሪክ ይሰጠዋል፣ ጮክ ብሎ ያነባል። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶዎቹ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። አንዲት! ሦስተኛ ክፍል ላይ 20 በመቶዎቹ እንደዚያው ነበሩ። ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት ጥያቄ አንዱንም ያልመለሱት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ደግሞ 48 በመቶ።

እንግዲህ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ በኢትዮጵያ ምድር ጭንቅላት እንደ ቀበሌ ስኳር በራሽን ታድሎ ለሦስተኛው ልጅ ሳይደርሰው አልቋል፤ ወይ ደግሞ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ማንበብ አልተማሩም። ሦስተኛ አማራጭ ያለው ይንገረን። (ዲስሌክሲያ የሚባል ችግር የለም ማለታችን አይደለም። አለ፤ ማንበብ በእውነት የሚከብዳቸው ልጆች አሉ። ግን ከሦስት አንድ አይሆኑም፤ ለእነሱም ቢሆን መድኃኒቱ ከሌላው የበለጠ ግልጽ፣ የበለጠ የተደጋገመ ትምህርት እንጂ ኩርኩም አይደለም።)

በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር አገር እንዴት እንደተናወጠ ታስታውሳላችሁ። ከመቶ 3.3 ብቻ አለፉ፤ 29,909 ተማሪዎች። ሬዲዮኑ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ታክሲው፣ ቡና ቤቱ ስለ ኩረጃ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ፣ ስለ ትውልዱ ስንፍና አወራ። ትውልድ መስደብ በአገራችን ታክስ የማይከፈልበት መዝናኛ ነው። ጎበዝ፣ እስቲ አብረን እንቀንስ። በ2002 ዓ.ም. ሁለተኛ ክፍል ላይ አንዲት ቃል ያቃታቸው ልጆች፣ ክፍል ሳይደግሙ ከዘለቁ፣ 12ኛ ክፍል የሚደርሱት በ2012 ዓ.ም. ነው። በጥር 2015 ዓ.ም. ጉድ የተባለባቸው ከእነሱ ሁለት ዓመት ዝቅ ያሉ ታናናሾቻቸው ናቸው። በአሥር ዓመት ዘግይቶ ለተሰማ ዜና ነው ሁላችን ደረት የመታነው። በእኛ ሙያ ዜና የሚሆነው የመጨረሻው ፈተና ነው፤ ስድስት ዓመት ተኩል የሆናት ልጅ «ለ» ላይ ስትደናቀፍ ካሜራ አይሄድም።

የሚያስቀው፣ «አእምሮ» የሚለው ቃል ከተማችን ውስጥ እንደ ዛሬም ተወዶ አያውቅም። የመዋዕለ ሕፃናት አጥር ላይ የጭንቅላት ሥዕል አለ፤ አጠገቡ አምፖል። «የልጅዎን የቀኝና የግራ አእምሮ እናነቃለን» የሚል ባነር አለ። በመቁጠሪያ ሒሳብ ሁለቱንም የአንጎል ክፍል እንከፍታለን የሚል ማስታወቂያ አለ። ግራው ለሒሳብ ቀኙ ለሥዕል የሚለው ተረት ነው፤ ጤነኛ ጭንቅላት ሁለቱንም አብሮ ነው የሚያሠራው። የገረመን ግን ሌላ ነው። በእርግጥ በግራ በኩል የሚከፈት፣ ቦታው የሚታወቅ፣ ሲከፈት በማሽን የታየ አንድ ነገር አለ፤ ንባብ። እሱን ባነር ላይ የጻፈ ትምህርት ቤት እስካሁን አላየንም። ምናልባት «ልጅዎን ፊደል በትክክል እናስቆጥራለን» ማለት ለወርሃዊ ክፍያ ጭማሪ ስለማይመች ይሆናል።

ፊደል አቆጣጠራችንን እንይ። ሰባ ልጅ፣ አንድ አስተማሪ፣ አንድ ሰሌዳ። «ሀ!» «ሀ!» «ሁ!» «ሁ!» ጣራው ይነሳል። ጎረቤት ሁሉ ልጆቹ እየተማሩ እንደሆነ ያውቃል። አንድ ልጅ ላይ ዓይናችሁን አሳርፉ፤ አፉ «ሂ» ይላል፣ ዓይኑ መስኮት ላይ ነው። ያ ልጅ መዝሙር ነው የተማረው። ሀሁውን እስከ ፐ በአንድ ትንፋሽ ይወርደዋል፤ ከመሃል «መ»ን አውጥታችሁ ብታሳዩት ግን ከ«ሀ» ተነሥቶ እየዘመረ ካልደረሰባት አያውቃትም። በዴሀን ቋንቋ ስናስቀምጠው ጆሮና አፍ ሠርተዋል፣ የፖስታ ሳጥኑ ግን አልተነካም። ሳጥኑ የሚከፈተው ዓይን ይህችን ቅርጽ እያየ ጆሮ ይህችን ድምፅ ሲሰማ፣ ልብም ሁለቱ ላይ ሲያርፍ ነው።

ይህን ደግሞ የድሮዎቹ የኔታዎች ያለ ኤም.አር.አይ ያውቁት ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ስንጥር ይዞ እያንዳንዷን ፊደል እየነካ ነው የሚቆጥረው። ወደ ጎን ከቆጠረ በኋላ ወደ ታች፣ ከዚያ ከኋላ ወደ ፊት። ሀሁን ሸመደደ ተብሎ ሲጠረጠር «አቡጊዳ» ይመጣል። ያው ፊደል ነው፤ ተራው ግን ተበጥብጧል፤ ዜማው አያድንም። ዓይን ካላወቀ አፍ ይቆማል። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ቀጥሎ ዳዊት። የቁርኣን ቤት ልጅም ሉሁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በጣቱ እየተከተለ ነው የሚቀራው። አለንጋውን ናፍቀን አይደለም ይህን የምንጽፈው፤ የማይሰማውን ግዕዝ ዓመት ሙሉ የሚደግም ልጅም አያስቀናንም። የሚያናድደን አለንጋውንና ሽምደዳውን ወደ ዘመናዊው ክፍል ይዘን መጥተን ስንጥሩንና አቡጊዳውን እዚያው ጥለን መምጣታችን ነው።

ከዴሀን ሥራ አንዲት ሌላ ነገር አለች፤ ለፊደላችን እንደተሰፋች ሆና ነው ያገኘናት። ጅብ ከግራ ቢመጣ ከቀኝ ቢመጣ ጅብ ነው። ጭንቅላት ይህን ስለሚያውቅ ነገሮችን ከነመስታወት ምስላቸው እንደ አንድ ይቆጥራል፤ ያለዚያ ጅቡ በማያውቀው በኩል የመጣበት ሰው ተበልቶ ነበር። ፊደል ሲመጣ ግን ይህ ችሎታ ጠላት ይሆናል። የላቲን ፊደል የሚማር ልጅ «ቢ» እና «ዲ»ን ያምታታል፤ አንዱ የሌላው መስታወት ነውና። ልጁ አልደነቆረም፤ ጭንቅላቱ ለሺህ ዘመናት የሠራውን እየሠራ ነው፣ እንዲተው ነው የሚሰለጥነው። እስከ ሰባት ስምንት ዓመት ድረስ ይህ የተለመደ ነው።

እኛስ? «ባ»ን እና «ቦ»ን ጎን ለጎን ጻፏቸው። አንዱ ቀኝ እግሩ ረዘመ፣ ሌላው ግራ እግሩ። ሌላ ልዩነት የላቸውም። «ሳ»ና «ሶ»፣ «ሻ»ና «ሾ» እንደዚያው። ቦሌ ለመጻፍ ፈልጋ «ባሌ» የጻፈች የሰባት ዓመት ልጅ ትዳር አልያዘችም፣ ክፍለ ሀገርም አልቀየረችም። ጅቡን ከሁለቱም ወገን እያየችው ነው። የሚያስፈልጋት «ይህ እግር ሲረዝም እንዲህ ይባላል፣ ያኛው ሲረዝም እንዲህ» ብሎ ለይቶ የሚያሳያት፣ በጣቷ የሚያስነካትና የሚያስጽፋት ሰው ነው። የምታገኘው ምንድን ነው? ቀይ እስክሪብቶ፣ አንዳንዴም ጆሮ መቆንጠጥ።

ፊደላችን ብዙ ነው፤ 33 በሰባት ሲባዛ 231፣ ዲቃላዎቹን ሳንጨምር። ይህን አይቶ «ለዚህ እኮ ነው ልጆቻችንን በእንግሊዝኛ የምናስጀምረው፤ 26 ብቻ ነው» የሚል የአዲስ አበባ ወላጅ አለ። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ሰፊው ጉድ ያለው እዚህ ነው።

በ2003 የታተመና በስኮትላንዳዊው ዩኒቨርሲቲ በደንዲ በፊሊፕ ሲሞር የተመራ ጥናት በአውሮፓ ቋንቋዎች የሚማሩ ልጆችን አወዳድሮ ነበር። አንደኛ ክፍል ሲያልቅ የፊንላንድ ልጆች ከሚያውቋቸው መቶ ቃላት 98ቱን በትክክል ያነባሉ። ፈረንሳዮቹ 79ኙን። በእንግሊዝኛ የተማሩት 34ቱን። ልዩነቱ የጭንቅላት አይደለም፤ የአጻጻፉ ነው። በፊንላንድኛ አንድ ፊደል ለአንድ ድምፅ ይታመናል። እንግሊዝኛ ውስጥ ፊደል የሚባለው በየቃሉ ስሙን የሚቀይር ሰው ነው። የኛ ፊደል ታዲያ ለማን ይቀርባል? «ለ» የትም ብትሄድ «ለ» ናት። ሦስቱ «ሀ»ዎች ያስቸግራሉ፣ ማጥበቅና ማላላት አይጻፍም (ገናን ለበዓሉ ወይስ ለ«ገና ነው» ማንበብ እንዳለብን ዐውዱ ነው የሚነግረን)፤ ከዚህ ሌላ ግን ቁልፉን የያዘ ልጅ አይቶት የማያውቀውን ቃል ይከፍታል። 231ዱም ቢሆኑ 231 የተለያዩ ነገሮች አይደሉም፤ ቤተሰብ ናቸው። ካዕቡ ከጎኑ ትንሽ ክንድ ያወጣል፣ ሣልሱ ከእግሩ። ሥርዓቱን ለልጅ ማሳየት ይቻላል፤ ማሳየት ነው ያቃተን።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ከሁሉ የከበደውን አጻጻፍ እንመርጣለን፣ ያውም ልጁ በማይናገረው ቋንቋ። ዴሀን እንደሚለው የፖስታ ሳጥኑ ብቻውን ቆርቆሮ ነው፤ ጥቅም ያለው ቀድሞ ከተሠራው የንግግር መረብ ጋር ሲገናኝ ነው። ልጁ ስድስት ዓመት ሙሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ ሲከማች የኖረ ድምፅና ትርጉም አለው። መስመሩ ወደዚያ መዘርጋት ሲገባው «ኤ ፎር አፕል» ይባላል። አፕል በልቶ የማያውቅ ልጅ! የልጁ አፍ እንግሊዝኛ ስላወጣ አያት እልል ትላለች፣ ወላጅ ከደመወዙ ሲሶውን ይከፍላል፣ ልጁ አራተኛ ክፍል ሲደርስ እንግሊዝኛውን አይረዳም፣ አማርኛውን አያነብም። ከዚያ ምርመራው ይመጣል። የምርመራውን ውጤት ታውቁታላችሁ።

እንግሊዝኛ አትማሩ የሚል አንድም ሰው ከእኛ መካከል የለም፤ እንጀራችን ነው። በሚያውቁት ቋንቋ አንዴ ማንበብ የቻለ ጭንቅላት ሁለተኛውን ለመማር ከዜሮ አይነሣም። ቅደም ተከተሉ ነው የተገለበጠው።

በዚህ ሰውዬ ላይ ተቃውሞ የለም ወይ? አለ፤ በአገሩም አለ። በፈረንሳይ ስለ ንባብ ማስተማሪያ ዘዴ የሚደረገው ጠብ ረጅም ነው። ቃሉን ሙሉውን እንደ ሥዕል ይያዘው የሚሉ ወገኖች ነበሩ፤ በ2006 የትምህርት ሚኒስትሩ ይህን ዘዴ በይፋ ተቃውሞ መመሪያ አወጣ። በ2018 ዴሀን የትምህርት ሚኒስቴሩ ሳይንሳዊ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሲሆን ከመምህራን ማኅበራት ሳይቀር «ላቦራቶሪ ክፍል አይደለም፤ ማሽን አስተማሪን አያዝም» የሚል ቁጣ ተሰማ። ቁጣው ግማሽ እውነት አለው። የጭንቅላት ፎቶ ሰባ ልጅ ያለበትን ክፍል ዝም አያሰኝም። ነገር ግን ፊደልን ከድምፅ ጋር በግልጽና በተራ አገናኝቶ ማስተማር የሚለው ነገር ከማሽን ብቻ የመጣ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ፓነል በ2000 ባወጣው ሪፖርት ከክፍል ውስጥ ሙከራዎች ተነሥቶ እዚያው ደርሷል። ማሽኑ የጨመረው ለምን እንደሚሠራ ማሳየቱን ነው። የፈረንሳይ አስተማሪ በዚህ ሊከራከር ይችላል፤ ተከራካሪው ራሱ ማንበብ የሚችሉ ልጆች አሉት።

የኛው ተቃውሞ ደግሞ ሌላ ነው። «ልጁ ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ምን ሳይንስ ትነግሩኛላችሁ?» ይሉናል። ልክ ናቸው፤ የተራበ ልጅ ሰሌዳ አያይም። የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ምገባ ሲጀመር ያጨበጨብነው ለዚህ ነው። ነገር ግን በልቶ የመጣው ልጅስ? ጠግቦ መስኮት ሲያይ የሚውለው? መጽሐፍ አንሷል፣ ክፍሉ ሞልቷል፣ አስተማሪው ደመወዙ ከወር ወር አያደርሰውም። ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ ያለችው አርባ ደቂቃ ወርቅ ናት ማለት ነው፤ በወርቅ ላይ ደግሞ አይዘመርም። ስንጥር ዋጋ የለውም። ሰሌዳ ላይ ተራውን በጥብጦ መጻፍ በጀት አይጠይቅም። ለአንደኛ ክፍል ጎበዙን አስተማሪ መመደብ የብድር ስምምነት አያስፈልገውም። አንደኛ ክፍል ማስተማር እንደ ቅጣት የሚታይበት፣ አዲስ ገቢው የሚወረወርበት ትምህርት ቤት ግን ሞልቷል። ከመምህራን ኮሌጅ የወጣ ወዳጅ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁልን፦ ልጅን ፊደል እንዴት እንደሚያስነብቡ የተማራችሁት ስንት ሰዓት ነው? ስለ ትምህርት ፍልስፍና ከተማራችሁት ጋር አስተያዩልን።

አስተማሪው ላይ ብቻ መጮህም አንወድም። «ጭንቅላት የለውም» የምትለው ቃል እንዲህ የተወደደችው ሁሉንም ከዕዳ ስለምታወጣ ነው። ሚኒስቴሩን ነፃ ታወጣለች፣ ኮሌጁን ነፃ ታወጣለች፣ ወላጁን ነፃ ታወጣለች። የምታስረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ስምንት ዓመቱ ነው፣ ጠበቃ የለውም፣ የተፈረደበትን ቢጽፉለት እንኳ አያነበውም።

ለፊደላችን ይህን ሥራ ማንም ከፓሪስ መጥቶ አይሠራልንም። የ«ባ»ና የ«ቦ»ን ነገር የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች እንጂ ኮሌዥ ደ ፍራንስ አያስጨንቀውም። ለዚያ ደግሞ የግድ ኤም.አር.አይ አይፈልግም፤ ሁለት መቶ ልጅ፣ አንድ ገጽ ወረቀት፣ አንድ ሰዓት ቆጣሪ እጅግ ብዙ ይናገራል። የ2002 ዓ.ም.ቱ ምዘናም፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ተከታዮቹም ከዚህ የተለየ ምሥጢር አልነበራቸውም። ወጪያቸውን የሸፈነው የአሜሪካው የልማት ድርጅት ግን በ2025 ተዘግቷል። የሰው ልጅ ቆጥሮ የሚነግረን ጎረቤት ከሄደ የራሳችንን ልጆች ራሳችን መቁጠራችን የግድ ነው። የምዘና መሥሪያ ቤት አለን፤ 12ኛ ክፍልን እንዴት አድርጎ በዩኒቨርሲቲ ግቢ እንደሚያስፈትን አይተናል። ያን ሁሉ አውቶቡስ ያነቀሳቀሰ አገር ለሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ገጽ ታሪክ ማባዛት አያቅተውም።

የዓመቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲገለጽ መግለጫ ይጠራል። ማይክሮፎን ይደረደራል፣ በመቶኛ ይነገራል፣ ጥያቄ ይፈቀዳል። እዚያ የምትገኙ የሙያ ጓደኞቻችን አንድ ጥያቄ ያዙልን፤ ረጅም አይደለም፦ «ክቡር ሚኒስትር፣ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ካሉት ልጆች ውስጥ አንዲት ቃል ማንበብ ያልቻሉት ስንት ናቸው?»